«የካሜራ ነው» ብዬ የዘጋሁት ስልክ

ሥራዬን የወሰደብኝ አፕ ነው። ቀልዴን አይደለም። ሃያ አንድ ዓመት ኮሎምበስ ውስጥ የመኪና ኢንሹራንስ ስሸጥ የሰው አነዳድ የሚታወቀው ከሪከርዱ፣ ከጥፋት መዝገቡ፣ ነበር። አሁን ደንበኛው ስልኩ ላይ አፕ ይጭናል፤ አፑ ሰውየው ፍሬን ሲረግጥ፣ መሪ ሲጠመዝዝ፣ እየነዳ ስልኩን ሲነካካ እያየ ዋጋውን ያወጣል። ቢሯችንን የገዛው ኩባንያ ሁለቱንም ቅርንጫፎች ሊዘጋ ሲወስን ሥራ አስኪያጁ በቪዲዮ ሰበሰበንና «ደንበኞቻችን ከእንግዲህ በራሳቸው መጨረስ ይፈልጋሉ» አለን። ከአጠገቤ የነበረችው ልጅ አለቀሰች። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር አላለኝም። ጉልበቴ ደክሟል፣ የጡረታዬም ጊዜ ደርሷል። ዕቃዬ አንድ ካርቶን እንኳ ሳይሞላ ወጣሁ።

ልጄ ሜሮን እቤት ስቀመጥ የማወራው ሁሉ ስለ ትራፊክ ቅጣት ወረቀት፣ ስለ ቲኬትና ስለ ሪከርድ ሆነባትና «ማሚ፣ ጀስት ራይት ኢት ዳውን» አለችኝ፤ በቃ ጻፊው ማለቷ ነው። እኔም ጻፍኩት።

ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ነበር። ስድስት ዓመት ካርቶን አነሳሁ፤ ትከሻዬ እምቢ እስኪለኝ ድረስ። አንድ ቀን የአሮጌ መኪናዬን ኢንሹራንስ ላሳድስ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ቢሮ ሄድኩ። ከፊቴ የቆሙ አንድ አበሻ ሽማግሌ ከጸሐፊዋ ጋር አልተግባቡም። እሷ «ሹፌሩ ማነው?» ትላለች፣ እሳቸው «መኪናው የኔ ነው» ይላሉ። ገብቼ አስተረጎምኩ። ሽማግሌው መርቀውኝ ሲወጡ የቢሮው ባለቤት፣ ፊል የሚባል ቀይ ፊት ያለው ወፍራም ሰውዬ፣ ከውስጥ ወጥቶ «እዚህ ለመቀመጥ ስንት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። የጠየቅኩት ዌርሃውስ ከማገኘው ያነሰ ነበር። የወንበሩ ነገር አጓጉቶኝ ነው።

የስቴቱን የወኪልነት ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ። ሥራውን ግን ያስተማረኝ ፈተናው አይደለም። ሚስ ኤድና ናቸው።

ሚስ ኤድና ረጅም ቀጭን ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ወደ ኢንሹራንስ ከመግባታቸው በፊት ዳውንታውን ፍርድ ቤት የትራፊክ መዝገብ ክፍል ውስጥ በጸሐፊነት ብዙ ዘመን ሠርተዋል። ውብነሽ ማለት ስላቃታቸው «ዊቢ» ይሉኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ልዩነታቸውን ንገሪኝ።»

አየኋቸው። «ሁለቱም የፍጥነት ቲኬት ናቸው» አልኩ።

«አይደሉም። ይሄ የመኪናው ነው። ይሄ የሰውየው ነው።»

ሃያ አንድ ዓመት ለሰው ያስረዳሁት ይህንኑ ነው። የካሜራ ቲኬት በፖስታ ይመጣል። የሚመጣውም በታርጋው ለታወቀው ባለቤት ነው፤ ከነፎቶው። ካሜራው ያነሳው መኪናውን ነው፤ መሪውን ማን እንደያዘ አያውቅም። ስለዚህ እዚህ ኦሃዮ ስቴት ውስጥ ላይሰንስ ላይ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ማለት ነው፣ ፖይንት የሚሉትን የጥፋት ነጥብ አያስቆጥርም፣ የመንጃ ሪከርድ ውስጥም አይገባም። ኢንሹራንሱ በማሳደሻው ጊዜ ሪከርዱን ሲፈትሽ አያገኘውም፤ ያላገኘውን ደግሞ ዋጋ ላይ አይጨምርም። ቢሆንም የሚጣል ወረቀት አይደለም። መከራከሪያ ቀን አለው፤ ዝም ካሉት ዕዳ ሰብሳቢ እጅ ይገባል። ሌላ ስቴት ደግሞ ሌላ ሕግ አለው።

ፖሊስ አቁሞ የሚሰጠው ግን የሰው ነው። ስምህ፣ የላይሰንስ ቁጥርህ፣ የምትቀርብበት ፍርድ ቤትና ቀን አለበት። ዝም ብለህ ከከፈልከው ጥፋቱን አምነሃል ማለት ነው፤ ፖይንቱ ይመዘገባል፣ ኢንሹራንሱም አይቶ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ያስታውስሃል። ሳትከፍልም ሳትቀርብም ከቀረህ ፍርድ ቤቱ ላይሰንስ ለሚሰጠው ቢሮ፣ ለቢኤምቪ፣ ይጽፋል፤ ላይሰንስህም ይታገዳል።

ሚስ ኤድና ወረቀት ሲያነቡ ቀጭን የካርቶን ቁራጭ ከመስመሩ ሥር ያስቀምጡና ከላይ ጀምረው አንድ መስመር፣ አንድ መስመር እያሉ ይወርዳሉ። ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። የሚቸኩል ደንበኛ ፊት ደግሞ ይብሳሉ፤ ሆን ብለው ይዘገያሉ። ቀኑ ጋ ሲደርሱ ካርቶኑን ለባለጉዳዩ ያቀብሉና «እዚህ ጋ አንተ አንብብልኝ» ይላሉ። ሰው በራሱ አፍ ያነበበውን ቀን አይረሳም ባይ ናቸው። ከቀጠሮው በፊት ባለው ጠዋት ደግሞ ራሳቸው ኮል ያደርጉለታል።

በስልክ ስለ ቲኬት ምክር አይሰጡም። «አምጣው፤ ካየሁት በኋላ እናወራለን» ይላሉ። አንዴ ወረቀቱ ሳይመጣ «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ስል ሰምተውኝ ስልኩን እስክዘጋ ጠበቁና «ዊቢ፣ አይዞህ የሚባለው ከወረቀቱ በኋላ ነው» አሉኝ። እኔ በልቤ፣ እኚህ ሴትዮ የኛን ሰው አያውቁም አልኩ። የኛ ሰው መጀመሪያ አይዞህ ካልተባለ ወረቀቱንም አያወጣም። አሁንም ትንሽ እውነት አለኝ ብዬ አምናለሁ። ያን ጊዜ ግን ንቀት ነበረበት፤ ዋጋውንም የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ያ ሰው ሰኢድ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ከኮሎምበስ ጎን ባለችው ዋይትሆል ከሚስቱ ከዘይነባና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ሥራው በሽተኛ ማመላለስ ነው፤ ኩላሊታቸውን የሚያሳጥቡ ሰዎችን ከቤታቸው ወደ ሕክምና፣ ከሕክምና ወደ ቤታቸው። ከደንበኞቼ ሁሉ እንደሱ መኪናውን በንጽሕና የሚይዝ አልነበረም።

ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ደወለልኝ። የወሩ መጀመሪያ ስለነበር ቢሮው ሰው ሞልቶ፣ ሁለት ሰው ፊቴ ተቀምጦ፣ ሌላ ደዋይ መስመር ላይ እየጠበቀኝ ነው።

«እትዬ ውብነሽ፣ ትናንት ከከተማ ወጣ ብዬ ስመለስ በካሜራ ያዘኝ» አለ።

«በካሜራ?»

«አዎ። ፍጥነት ነው። ኢንሹራንሴ ሊጨምር ነው?»

«የካሜራ ከሆነ አይጨምርብህም። ሪከርድህንም አይነካም። ረጋ ብለህ ትከፍላለህ፤ አታስብ።»

«አላህ ይስጥልኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም ነበር እኮ» ብሎ ዘጋ።

አንድ ደቂቃም አልፈጀ። ፊቴ ወደተቀመጡት ሰዎች ዞርኩ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ረፋድ ሰኢድ ቢሮ ገባ፤ የሥራ ሸሚዙን እንደለበሰ ነው፤ ባጁ ግን ደረቱ ላይ የለም። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የታጠፈ ቢጫ ወረቀት አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ከሥራ አባረሩኝ» አለ። «ላይሰንስህ ታግዷል አሉኝ። እኔ ምንም አላውቅም።»

ወረቀቱን ገለጥኩት። ከላይ የሰኢድ ስም፣ የላይሰንሱ ቁጥር፣ የፖሊሱ ፊርማ፣ የፍርድ ቤት ቀን። ቀኑ ካለፈ ወር አልፎታል።

«ሰኢድ፣ ይሄ የካሜራ አይደለም እኮ።»

«ነው እንጂ! ፖሊሱ መንገድ ዳር ቆሞ እንደ ካሜራ ያለ ነገር በእጁ ይዞ ነበር። በሱ አየኝና ተከትሎ አቆመኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በኛ አነጋገር ፍጥነት የሚለካ ነገር ሁሉ ካሜራ ነው። እሱ የነገረኝ ያየውን ነው፤ ውሸት የለበትም። አንድ ጥያቄ፣ «ወረቀቱን ማን ሰጠህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ሁሉም ነገር በዚያው ይታወቅ ነበር። እሱ ደግሞ እኔ አታስብ ስላልኩት ወረቀቱን መኪናው ኪስ ውስጥ ከቶ፣ የመክፈያ ፖስታ ይመጣልኛል ብሎ ሲጠብቅ ነበር። አፓርትመንት ቀይሮ አድራሻውን ቢኤምቪ ዘንድ ስላላስተካከለ የእግዱ ደብዳቤ የሄደው ድሮ ቤቱ ነው። አሠሪዎቹ የሾፌሮቻቸውን ሪከርድ በየጊዜው ያያሉ፤ ሲያዩ ታግዶ አገኙት። በታገደ ላይሰንስ በሽተኛ ጭኖ ሲነዳ ከርሟል ማለት ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ኖሮ የሚለውን አሁንም ማሰብ አልወድም።

እሱ ያሰበው ግን ሌላ ነው። «ሐሙስ ሐሙስ የማነሳቸው አሮጊት አሉ» አለኝ። «ወንበራቸው ትንሽ ወደ ኋላ ካላዘነበለ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። አይናገሩም፣ ያፍራሉ። አዲሱን ልጅ ማን ይነግረዋል?»

ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ።

ሚስ ኤድና ከጠረጴዛቸው ተነስተው መጡ። አማርኛ ባይሰሙም ወረቀት ያውቃሉ። አነበቡትና «ቀኑ ሳያልፍ አይተሽው ነበር?» አሉኝ።

«አላየሁትም።»

«ምን ብለሽው ነበር?»

ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝና «የዛሬ ቀጠሮዎችሽን እኔ እይዛለሁ። አንቺ አብረሽው ሂጂ» አሉ። «መንዳት አይችልም፤ ስለዚህ የምትነጂው አንቺ ነሽ።»

ከመውጣታችን በፊት ፊል ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋና «የሆነውን ሰማሁ። አግዢው፤ ግን ስህተቱ የኔ ነው ብለሽ ምንም ነገር በጽሑፍ እንዳትሰጪ። እኛ ልንከሰስ እንችላለን፤ የወኪልነት ፈቃድሽም አለ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሱም ቢሮ ነው፣ ልጆች ያሳድጋል። እኔም ልጅ አሳድጋለሁ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ሰኢድ የተከሰሰበት ከከተማው ወጣ ያለ ትንሽ ፍርድ ቤት ነው። ደርሰን ስንጠይቅ በዚያው ሳምንት ዓርብ እንዲቀርብ ቀን ሰጡት። ቤቱ ሳደርሰው ዘይነባ በሩ ላይ ቆማለች። ሰላም ብላት በግማሽ አፏ መለሰችና እንዲህ አለችኝ።

«እትዬ፣ እሱ እኔን አያምንም፤ ወንድሙን አያምንም። ፖሊስ የሰጠህን ወረቀት ሰው አሳይ ብዬው ነበር። እትዬ ውብነሽ አታስብ ብለውኛል አለኝ። እርስዎ ካሉ ብዬ እኔም ዝም አልኩ።»

ከዚያ ቀን ይልቅ የሚከብድ ቀን በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ እራት ሳልበላ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ለፍርድ ቤቱ። አቶ ሰኢድ ቲኬቱን በተቀበሉ ማግስት ደውለው ጠይቀውኛል። ወረቀቱን ሳላይ የካሜራ ነው፣ ሪከርድዎን አይነካም ያልኳቸው እኔ ነኝ።» በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። በማግስቱ ለሚስ ኤድና አሳየኋቸው፤ ፊል ያለኝንም ነገርኳቸው። ካርቶናቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ቀን ጻፊበት፤ ቀን የለውም» ብለው መለሱልኝ።

ዓርብ ዕለት ዳኛው ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ደብዳቤዬን አነበበና ሰኢድን በአስተርጓሚው በኩል «ወረቀቱ እጅህ ላይ ነበር?» አለው።

«አዎ፣ ክቡር ዳኛ።»

«ቀኑ ተጽፎበታል?»

«ተጽፎበታል።»

ዳኛው ቀና ብሎ እኔን ፈለገኝ። ተነሳሁ። «ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩ። ጥቂት አሰበና ለመቅረቱ ተጨማሪ ቅጣት አላስቀመጠም፤ እግዱ እንዲነሳ የሚል ወረቀት በዚያው ቀን እንዲሰጠው አዘዘ። የፍጥነቱን ጥፋት ግን ሰኢድ አመነ። ሁለት ፖይንት ተመዘገበበት።

ወረቀቱን ይዘን ቢኤምቪ ሄደን ላይሰንሱ ተመለሰ። ሥራው ግን አልተመለሰም። አሠሪውን ራሴ ሄጄ አነጋገርኩት፤ «እኔ ባምንሽም የኛ ኢንሹራንስ አያምንሽም፤ ሪከርዱ ላይ እግድ ያለበትን ሾፌር አይቀበለኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። ኢንሹራንሱን የሸጥኩለት እኔ ብሆን እኔም የምለው ያንኑ ነው።

ያን ዓርብ ከቢኤምቪ በመመለሻችን መንገድ ላይ ሰኢድ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «እትዬ፣ እኔም አላነበብኩትም» አለ። «እንግሊዝኛ አንብቤ መረዳት እችላለሁ። ፈርቼ ነው ያላነበብኩት። እርስዎ አታስብ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ማንበብም አልፈለግኩም።»

ይህን ያለኝ ሊያጽናናኝ መሆኑን አውቃለሁ። እሱ ዌርሃውስ ገባ፤ እኔ የሸሸሁት ዓይነት ቦታ። በሚቀጥለው ማሳደሻ ኢንሹራንሱን ወደ ሌላ ቢሮ አዛወረ። አልደወለልኝም፤ ወረቀቱ ብቻ መጣ። ቅር ሊለኝ አይገባም ነበር፤ ቅር አለኝ።

ፊል ስለ ደብዳቤው የሰማው ዘግይቶ ነው። አንድ ሳምንት ኮስተር ብሎብኝ ከረመ። ፈቃዴንም ማንም አልነካውም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቲኬት በስልክ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ሰው ሲቆጣኝ፣ «ለአንድ ጥያቄ ይሄን ሁሉ መንገድ ልንዳ?» ሲለኝ፣ «አዎ፣ ና» ነው መልሴ። በኋላ በስልክ ፎቶ መላላክ ሲመጣ ተገላገልን።

ሚስ ኤድና ጡረታ ወጥተው ጆርጂያ እህታቸው ዘንድ ሲሄዱ ፊል ሁለተኛ ቢሮ ዋይትሆል ከፈተና እኔን ኃላፊ አደረገኝ። እዚያ ያሳለፍኩት ዘመን የሥራዬ ጥሩው ዘመን ነው። ከኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ የታክሲና የዴሊቨሪ ሾፌሩ ሁሉ በኔ በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ኮሎምበስ ራሱ የቀይ መብራት ካሜራ ነበረው፤ እሱ ከቀረ በኋላም በዙሪያው ያሉት ትናንሽ ከተሞች ፎቶ መላካቸውን አላቆሙም። ከመጣው ደንበኛ ግማሹ የካሜራ ፖስታ አስደንግጦት የመጣ ነው። ወረቀቱን አነብና፣ ቀኑን ራሱ እንዲያነበው አደርግና፣ ከዚያ በኋላ አይዞህ እለዋለሁ። ሰው ከፊትህ ሲቀልለው ማየት ደስ ይላል፤ ደመወዙ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ነው።

ከዚያ ዘመን አንዱን ልንገራችሁ። ጌታቸው የሚባል ደንበኛዬና ሚስቱ ራሔል አንድ ቅዳሜ መጡ። ኢንሹራንሳቸው በጣም ጨምሯል። ራሔል ገና ሳትቀመጥ የካሜራ ቲኬት አወጣች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ቀይ መብራት ላይ ሳልቆም አለፍኩ፤ መኪናውን እኔ ነበርኩ የነዳሁት። በኔ ምክንያት ነው የጨመረብን።»

ጌታቸው አጠገቧ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

ቲኬቱን አነበብኩ። የካሜራ ነው፤ ተከፍሏል። ከዚያ የሁለቱንም ሪከርድ ከፈትኩ። የራሔል ንጹሕ ነው። በጌታቸው በኩል ግን የፖሊስ ቲኬት አለ፤ ፍጥነት፣ ከከተማ ውጭ፣ ከአምስት ወር በፊት። ቀና ስል ጌታቸው በዓይኑ ይለምነኛል።

«ራሔል፣ ይሄ ቲኬት ሪከርድሽ ላይ የለም። የጨመረው በሱ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ በምንድነው?»

ሚስ ኤድና «ሪከርድ ሐሜት አይደለም፤ ባለቤት አለው» ይሉ ነበር። «ጌታቸው፣ አንተ ታውቃለህ መሰለኝ» አልኩና ተነሳሁ። «ውሃ ላምጣላችሁ።»

ውሃው የሚቀዳበት ሦስት እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን አሥር ደቂቃ ቆየሁ። መጀመሪያ የጌታቸውን ሹክሹክታ ሰማሁ። ቀጥሎ የራሔል ድምፅ ከፍ አለ።

«አምስት ወር? ሁለት ወር ሙሉ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ እኮ በየቀኑ ምሳ ስቋጥርልህ ነበር! ክትፎ ሳይቀር!»

ስመለስ ጌታቸው አንገቱ ድረስ ቀልቷል። ራሔል ደግሞ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። «እትዬ፣ በሱ ቲኬት የጨመረውን ለብቻው አድርገው ይጻፉልኝ፤ እቤት ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ» አለችኝ። ጻፍኩላት። በሚቀጥለው ዓመት ጌታቸው ለማሳደስ ሲመጣ «ምሳ የምቋጥረው እኔ ሆኛለሁ» አለኝ።

ሰኢድ የተመለሰው ላይሰንሱ በታገደ በአራተኛው ዓመት ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሳየው መጀመሪያ ልቤ ደነገጠ፤ ሌላ ቢጫ ወረቀት መሰለኝ። የያዘው ግን የመኪና ፎቶ ነበር። ዊልቼር የሚያስገባ መወጣጫ ያለው አሮጌ ቫን ሊገዛ ነው። የራሱን ሥራ ሊጀምር፣ በሽተኛ ሊያመላልስ።

«ሪከርዴ ንጹሕ ነው፤ አይተው ያረጋግጡ» አለኝ። «ሌሎቹ ቢሮዎች ሄጄ ነበር። በስልክ ዋጋ ይነግሩኛል። እኔ ወረቀት የሚያነብ ሰው ነው የምፈልገው።»

ያን ቀን የጻፍኩለት ውል ከሠራኋቸው ሁሉ ረጅሙ ነው። እያንዳንዱን መስመር አብረን አነበብነው፤ ከምሳ በፊት ጀምረን ከሰዓት በኋላ ጨረስን። ዘይነባ መጨረሻ ላይ መጣችና ከጎኔ ተቀምጣ «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለችኝ። እጄን ጨበጥ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ።

አንዱ ቫን አምስት ሆነ። እኔ ሥራ ካቆምኩ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰኢድ ቤቴ መጣ። አዲስ የቀጠራቸው ሾፌሮች ተጨንቀዋል፤ የካሜራ ቲኬት በድርጅቱ ስም መጥቶ ሁሉም «የኔ ይሆን? ሪከርዴ ተበላሸ» እያሉ ይጠያየቃሉ። ሁለቱ ደግሞ በተቃራኒው የፖሊሱንም «እሱም እኮ ካሜራ ነው» እያሉ አቃለውታል። «አንድ ጠዋት መጥተው ያናግሩልኝ» አለኝ።

ሄድኩ። ክሊቭላንድ አቬኑ አጠገብ መኪኖቹን የሚያቆምበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል አለችው። አምስት ሾፌሮች ተቀምጠዋል፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። መጀመሪያ ሰኢድ ተናገረ።

«የካሜራው የሚመጣው ለኔ ነው፤ መኪናው የኔ ስለሆነ። ማን እንደነዳ አይቼ እናወራለን። ፖሊስ የሚሰጣችሁ ግን የእናንተው ነው። ሁለቱንም በዕለቱ አምጡልኝ» አላቸው። ከዚያ ቀጠለ። «እኔ አንድ ጊዜ ከፖሊስ የተቀበልኩትን ቲኬት ሳላነብ መኪና ኪስ ውስጥ ከተትኩ። የካሜራ መሰለኝ። የፍርድ ቤቱ ቀን አለፈ፣ ላይሰንሴ ታገደ፣ የምወደውን ሥራ አጣሁ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር።»

ታሪኩን እዚያ ላይ ጨረሰ። ስልክ መደወሉን አላነሳም። እኔንም አላነሳም። ጥግ ላይ በክብር አስቀምጦኛል፤ ሾፌሮቹ የሚያዩት ያዘኑለትን ሰውዬ ነው፤ እኔን የሚያይ የለም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ዘይነባ እንኳ በዕለቱ አልነበረችም።

ተነሳሁ።

«ግማሹን ነው የነገራችሁ» አልኩ። «የካሜራ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ደውሎ ጠይቆኛል። ወረቀቱን ሳላይ አታስብ ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ሥራውን ያጣው በዚያ ነው።»

ሰኢድ ወደኔ ዞሮ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ይህ ምን አስፈለገዎት? እኔ እኮ ትቼው ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ሃያ አንድ ዓመት የሰው ሪከርድ ሳገላብጥ ኖሬ የራሴን ልደብቅ?»

መጀመሪያ የሳቀው ሰኢድ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔም ትንሽ ረጠበ። ከኋላ የተቀመጠችው ወጣት ሾፌር ሳቁ በረድ ሲል እጇን አነሳችና ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ሦስት ሳምንት ሆነው» አለች። «የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁና ከመጀመሪያው መስመር ጀመርን።